የአምፖል ቅሬ

ሐዋ መሞቷን የሰማሁት ሱቄ ውስጥ አምፖል ስሸጥ ነው። ገዢው አምፖሉ መብራቱን አስሞክሮ፣ ካርቶኑን አስጠቅልሎ፣ መልሱን ተቀብሎ ከጨረሰ በኋላ በሩ ላይ ዘወር አለና፣ "ያቺ አምፖል ቀባሪዋ አረፈች አሉ፣ ሰምተዋል?" አለኝ። የአገሬ ሰው እንዲህ ነው፤ መርዶም ቢሆን የሚደርሰው ከገበያው በኋላ ነው።

ቀብሯ ላይ ሐኪም በዝቶ ነበር። አንዱ "የአምፖሉ ባዜቃ ነው የበላት" ይላል። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ባዜቃውን ለውጭ ሰው ሸጣ ልትከብር ስትል ነው የተቀሰፈችው" ይላል። ሐዋን የገደላት ስኳር ነው። ደሴ ሆስፒታል ስትመላለስ፣ መርፌዋን ራሷ ስትወጋ ኖራ ቤቷ አልጋዋ ላይ ሞተች። ይህ ግን ለወሬ አይመችም። እንኳን ሌላው፣ የገዛ ልጄ "ኧረ አባባ፣ ስኳር ብቻ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስኳር ብቻ ልጄ። ሰው በተራ ነገርም ይሞታል።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጆቼን ላስመዘግብ ስሄድ ነው። ማንበብ የተማርኩት ከዕቃ ካርቶን ላይ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ፣ ስብሰባ ላይ ከሚነገረው ይልቅ ካርቶን ላይ የተጻፈውን አምናለሁ። በረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ካርቶን ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ተስሎ፣ በላዩ የኤክስ ምልክት ተደርጎበት አይ ነበር። የፋብሪካው ሰዎች ቆሻሻ የማይወዱ ጨዋዎች ናቸው ብዬ አልፌዋለሁ። ትርጉሙን የነገረችኝ ሐዋ ናት። "ከቆሻሻ ጋር አትጣሉኝ ነው የሚለው ጋሽ ይመር። እርስዎ ማንበብ ይችላሉ ሲሉኝ፣ ሥዕል ማንበብም ይጨምር መስሎኝ ነበር።"

አፏ እንዲህ ነው። ኩዌት የሄደችው እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ ለቤት ሠራተኝነት ነበር፤ ኋላ ግን የአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ጽዳት ሆነች። ሌሎቹ ሲመለሱ ወርቅ ያመጣሉ፣ ቴሌቪዥን ያመጣሉ፣ አንዳንዷም ለወንድሟ ባጃጅ ትገዛለች። ሐዋ ይዛ የመጣችው አንድ ጥቁር አባያና አንድ ሐሳብ ነው። አባያው አለቀ፤ ሐሳቡ አላለቀም። እዚያ ሕንፃ ላይ የተቃጠለ አምፖል አይሰበርም አሉ። ሳይነካ፣ በካርቶኑ፣ ለብቻው ይቀመጥና መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ውስጡ ጥቂት ባዜቃ አለበትና። ባዜቃ ያች የምትብለጨለጭ፣ እንደ ውኃ የምትፈስ ብረት ናት። አምፖሉ ሲሰበር ትተናለች፤ ዓይን አያያትም፤ በትንፋሽ ገብታ ሳምባንና ጭንቅላትን ትጎዳለች። ለብቻው የተሰበሰበው አምፖል ግን ይፈታል፤ መስታወቱ መስታወት ይሆናል፣ ባዜቃውም ተጣርቶ ሌላ አምፖል ውስጥ ይገባል።

እሷ ስትመለስ ከተማችን መካነ ሰላም ፎቅ ማብቀል ጀምራ ነበር። ዘመኑ የልማት ዘመን ነው፤ ያልለማው ሰው ብቻ ነበር። ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ የገበያ አዳራሹ፣ ሁሉም ጣሪያው ላይ ረጃጅም አምፖል ደረደረ። መብራቱ ሄድ መጣ ስለሚል አምፖሉ ቶሎ ቶሎ ይሞታል። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ አላዘንኩም። የሞተውን አምፖል አንዱ ቦይ ውስጥ ይከሰክሰዋል፤ ሌላው ሰባብሮ ሌባ እንዳይዘል አጥሩ ላይ በሲሚንቶ ይተክለዋል፤ ልጆች ደግሞ ጎራዴ አድርገው ይሞሻለቁበታል። ሲፈነዳ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት "ጭስ! ጭስ!" እያሉ ይሳቡታል።

ስሙን የማልጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት ስለ አካባቢ ጥበቃ ሥልጠና ጠርቶን ነበር። አበልም ምሳም ነበረው፤ ስለዚህ የአካባቢ ጥበቃ ወዳጅ በዚያ ቀን በዛ። አሠልጣኙ ስለ ሰማይ ቀዳዳ አስተማረን። ሐዋ እጇን አወጣች።

"የተቃጠለ አምፖል የት እንጣል?"

"በጣም ጥሩ አስተያየት ነው" አለ አሠልጣኙ።

"አስተያየት አልሰጠሁም፤ ጠየቅሁ።"

"ይያዝልን። ወደ ታች ወርዳችሁ በአንድ ለአምስት ተወያዩበት።"

ወደ ታች ወረድን። ምሳ የነበረው ታች ነው።

ሐዋ ግን በዚያው ሳምንት ቅሬ ላይ መጣች። በእኛ አገር የሞተን የሚቀብር ቅሬ፣ ሌላው እድር የሚለው ማኅበር ነው፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ እስላም ናት፣ ቅሬያችን ግን አንድ ነው። መንግሥት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ቅሬ ይኖራል። መንግሥትን የማይፈራ ሰው ቅሬን ይፈራል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳውን ማን እንደሚያነሳለት አያውቅምና። ሴት በዚያ ስብሰባ አትናገርም። ሐዋ ቆመች።

"ዳኞች፣ የሞተ ሰው አጥንት ይሰበራል?"

"አስተግፊሩላህ! አይሰበርም!"

"ጀናዛ መንገድ ዳር ይጣላል?"

"ምን ነካሽ አንቺ ሴት!"

"ታዲያ ጋሽ ሙሄ በር ላይ የወደቀውን ጀናዛ ስታዩ ለምን ዝም አላችሁ?"

ጀናዛ ማለት ሬሳ ነው፤ ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ጉባኤው ተነስቶ ወጣ። ጋሽ ሙሄ የትልቁ ፎቅ ባለቤት ናቸው፤ እሳቸውም "በእኔ በር?" እያሉ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከሁሉ ቀድመው ሮጡ። በራቸው ላይ የተቃጠሉ ረጃጅም አምፖሎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሌላ የለም።

"ይኸው" አለች ሐዋ። "ዕድሜውን ሙሉ ሲያበራላችሁ ኖሮ የሞተ። ነፍሱ ሆዱ ውስጥ ናት። ካልሰበርከው አትወጣም። ከሰበርከው ትወጣለች። ወጥታ የት ትገባለች? ወደ አንተ።"

ሳቁ እስከ መናኸሪያ ተሰማ። ሽማግሌዎቹም እየሳቁ ወሰኑ፤ አምፖል የሰበረ ከቀብር እንደ ቀረ ይቆጠራል፣ የሞተበትም ሐዋን ይጥራ። አገራችን ውስጥ በሕግ የተወሰነ ይረሳል፣ በቀልድ የተወሰነ ይጸናል። አሠልጣኙ በሙሉ ቀን ያላደረገውን አንዲት ቃል አደረገችው። አምፖል መሆኑ ቀርቶ ጀናዛ ሆነ፤ ጀናዛን ደግሞ የሚሰብር ደፋር አልተገኘም።

ቃሉ ከመለመዱ የተነሳ ቀልድነቱም ጠፋ። የሆቴሏ ባለቤት በረንዳ ላይ ቆማ፣ "ሐዋ! ከመኝታ ክፍል ሁለት ጀናዛ ወጥቶልኛል፣ ነይ አንሽልኝ!" ብላ ስትጣራ፣ ከወግዲ የመጣ እንግዳ ጥብሱን ትቶ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሒሳቡን ሳይከፍል ነው የወጣው፤ ማን ይፈርድበታል?

ሐዋ ስትመጣ ለማየት ደስ ትል ነበር። አምፖሉን በሁለት እጇ፣ አንገቱ እንዳልጠና ሕፃን ደግፋ ነበር የምትይዘው። ገና የሚበራውንም አትምረውም፤ ጣሪያዬን ቀና ብላ አይታ፣ "ያ ጥግ ያለው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ጁምዓን አያይም" ትለኛለች። አያይምም። "ያበራልህን ሲጠፋ አትርገጠው" የምትለው አባባል ነበረቻት፤ የጡረተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ሰምተው ለራሳቸው ንግግር ወሰዱት። ለእኔ ግን ሌላ ነበራት፤ "እርስዎ ይሸጣሉ፣ እኔ እቀብራለሁ፤ ቀድሞ የሚደክመው ማን እንደሆነ እናያለን።" ትሑት አልነበረችም። እኔም ለልጆቼ ትሑት ሁኑ ብዬ አላውቅም፤ ያልሠራ ሰው ትሑት ሲሆን ያስቀኛል።

ጋሽ ሙሄ በመጀመሪያው ሞቅታ ከፎቃቸው ደረጃ ሥር ያለውን ክፍል ለአምፖሎቹ ማስቀመጫ ሰጥተዋት ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ክፍሉ እስከ ጣሪያ ሞላ። በዚህ መሐል ሞባይል አገሩን ወረረውና ከደረጃ ሥር ያለ ጉድጓድ ሁሉ የካርድ መሸጫ ሆነ። ጋሽ ሙሄም የልማት አርበኛ ናቸው፤ ሬሳ ኪራይ አይከፍልም።

"አንቺ ልጅ፣ አውጪልኝ።"

"የት ላውጣው ጋሽ ሙሄ?"

"መቃብር አጣሽለት? እኔ አላጣሁለትም። ሰባብሬ የግንቤ ራስ ላይ እተክለዋለሁ። ሌባም ይፈራል።"

ሐዋ ጽሕፈት ቤቱን ጠየቀች፤ በዕቅድ ተይዟል አሏት። አዲስ አበባ የአክስቷ ልጅ በአንድ የውጭ ሰዎች ግቢ ጽዳት ነበረች። ግቢው የራሱን አምፖል ሰብስቦ ባሕር ማዶ ወደሚፈታበት ፋብሪካ ይልካል። ከብዙ ልመና በኋላ፣ አምጡት፣ ከእኛው ጋር እናሳፍረዋለን አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የተሰበረ አንቀበልም። እንግዲህ ያንን ሁሉ ብርጭቆ፣ በዚያ ጠጠር መንገድ፣ ሳይሰበር አዲስ አበባ ማድረስ ነው ነገሩ። ቢሰበር የዓመታት ልፋቷ ገደል ይገባል፤ ባይሄድ ደግሞ ጋሽ ሙሄ መዶሻ አዘጋጅተዋል።

አምፖሎቹን ጭድ ውስጥ እየቀበረች በረጃጅም ካርቶን አሰረቻቸው። አቧራ እንዳይገባ እያንዳንዱን ካርቶን በነጭ አቡጀዲ ጠቀለለች። ሸምሱ የሚባል ሾፌር ሽንብራ ለመጫን ወደዚያው ባዶውን ሊሄድ ነበርና በአይሱዙው ጫነላት። እኔም ዕቃ ላመጣ ስለነበር ጋቢና ገባሁ። ለሐዋም ቦታ ነበራት። እምቢ አለች። "ጀናዛ ብቻውን አይሄድም" ብላ ጥቁር አባያዋን ለብሳ ከላይ፣ ከአቡጀዲው መሐል ተቀመጠች። ሸምሱ አንዲት ጉድጓድ በፍጥነት ካለፈ ጣሪያውን በድንጋይ ትደበድብበታለች።

"ኧረ እቴ ሐዋ፣ እናቴንም እንዲህ ቀስ ብዬ ነድቻት አላውቅም!"

"እናትህ አትሰበርም፤ ቀስ በል!"

በአቀስታ፣ በወረኢሉ አድርገን ደጎሎ ስንደርስ የገበያ ቀን ነው። ከተማው መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ኬላ ጠባቂው መጣ።

"ምን ጭነሃል?"

ሸምሱ የመካነ ሰላም ልጅ ነው። መቀለዱ አልነበረም፤ እኛ ዘንድ ስሙ እንደዚያ ሆኗል። "ጀናዛ ነው ወንድሜ" አለ፤ "አዲስ አበባ የምናደርሰው።"

ሰውየው ወደ ላይ ቀና አለ። ነጭ አቡጀዲ የለበሱ ረጃጅም ነገሮች ተጋድመዋል። መሐላቸው ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ብርዱና አቧራው አንገቷን አስደፍቷት ተቀምጣለች። ቆቡን አወለቀ። ገመዱን ጣለ። "ኢና ሊላሂ" ሲል ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስቆም ጊዜ አልነበረም። ወሬው ከመኪናው ቀደመ። ገብስ የሚሰፍረው ቁናውን አስቀመጠ፣ በበግ ዋጋ የሚከራከረው ገመዱን ለቀቀ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሬሳ ያየ የወሎ ሰው ቀድሞ ይወጣል፣ ኋላ ይጠይቃል። መንገዱ ተዘጋ፤ ሸምሱ ቆመ። ወንዶቹ ለሶላት ሊሰለፉ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። እኔ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ፤ ከንፈሬን ነከስኩ።

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ሕዝቡን እየገፋች መጣች። የመኪናውን እንጨት በሁለት እጇ ጨበጠች። ወደ ሐዋ አባያ፣ ወደዚያ የዐረብ አገር ልብስ ነው የምታየው።

"እህቴ" አለች፤ "የኔዋን ነው ያመጣሽልኝ?"

ሐዋ አልገባትም። "ምን አልሽ እናቴ?"

"ከድጃን። ልጄን። ዐረብ አገር ናት፤ ስልኳ ከጠፋ ቆየ። አትደብቂኝ። የትኛዋ ናት?"

ከጋቢና ዘልዬ ወረድኩ። ሐዋ ከዚያ ከፍታ እንዴት እንደ ወረደች አላየሁም፤ ብቻ መሬት ላይ ሆና የሴትየዋን እጅ ይዛ አየኋት። አንዱን ካርቶን ጎትታ አወረደች። አቡጀዲውን በጥርሷ ቀደደች። ጭዱን በተነች፤ ያ ሳይሰበር እንዲደርስ ለቀናት ያሰረችውን ሁሉ መንገድ ላይ ፈታችው። የሴትየዋን መዳፍ አንስታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠች።

"አምፖል ነው እናቴ። ይኸው፣ ንኪው። የተቃጠለ አምፖል ነው። ልጅሽ የለችበትም።"

ሴትየዋ ዳሰሰችው። ሌላውን ካርቶን በጣቷ አመለከተች። ሐዋ ያንንም ፈታች። ከዚያም ሌላውን።

ሕዝቡ ግን ተቆጣ። "በሞት ይቀለዳል? ጫማችንን አስወልቀው!" አንድ ጎረምሳ ዱላውን አነሳ፤ "ልሰባብርላቸው!" አለ። ኬላ ጠባቂው ቆቡን መልሶ ደፋ፤ ሰው ሲያፍር ደግሞ ክፉ ነው። ሸምሱ "እኛ አገር እንዲህ ነው የምንለው" ብሎ ማስረዳት ጀመረ፤ ይህ አባባሰው እንጂ አልጠቀመም። ሐዋ ካርቶኖቹ ላይ ተደፋች። ዱላው ከወረደ ያ ሁሉ ዓመት ደጎሎ ገበያ ላይ ሊፈስ ነው።

"ተው!" አለች ያቺ እናት። "ልጄ አይደለችም! አልሰማችሁም? ልጄ አይደለችም እኮ ነው የምላችሁ!" ፊቷ እንባ በእንባ ሆኖ ትስቃለች። "አልሐምዱሊላህ! አምፖል ነው! አንዴ ወጥታችኋል፤ የወጣ ሰው ሳይሸኝ አይመለስም። ሸኙት!"

ጎረምሳው ዱላውን አወረደ። ከነገሩ ሁሉ የገረመኝ ይህ ነው፤ ሸኙት። ካርቶኖቹን መልሰው አሰሩ፣ የገበያው ሰው ከሚሸጠው ጭድ ጨመረበት፣ መኪናውም በእግረኛ ልክ እየሄደ ከከተማው እስኪወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ አጀበን። ያቺ እናት ከፊት ነበረች። የልጇ ስልክ ግን ያን ዕለትም አልሠራም።

አምፖሎቹ ደህና ደረሱ። የግቢው ሰዎች ተረከቡ፣ አመሰገኑ። ያ ጽሕፈት ቤትም በስብሰባ ላይ "ያከናወንነው" ብሎ አቀረበው፤ ጭብጨባም ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሻይ ሊመጣ ነበርና።

ሐዋ ግን ከደጎሎ በኋላ ሌላ ሰው ሆነች። አንድ ቀን የሆቴሏ ባለቤት "ሐዋ፣ ጀናዛ አለኝ" ስትላት፣ "አምፖል በይ" ብላ በሰው ፊት ገሠጸቻት። ቅሬ ላይም ቆማ ያንን ውሳኔ አንሱልኝ አለች። ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው፤ አነሱላት። ሱቄ ስትመጣ ተቆጣሁ።

"አብደሻል? ቃሉ እኮ ነው የሚሠራው! ቃሉን ካነሳሽ ማን ይሰማሻል?"

"ማንም አይሰማኝም ይሆናል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ፣ ያ ቃል የሰው ነው ጋሽ ይመር። የዚያችን ሴት እጅ አይተዋል? አምፖሉ ላይ ሳስቀምጠው በረዶ ነበር። እኔ ከእንግዲህ አልበደረውም።"

"ልጆች በመርዝ እየተጫወቱ?"

"ልጆቹን እለምናለሁ። ነጋዴውንም እለምናለሁ።"

እስከ ዛሬ ግማሽ ልቤ ተሳስታለች ይላል። የሚያስፈራ ቃል የማይጠቅም ቢሆን እኔ ልጆች አላሳደግሁም ነበር። የፈራሁትም ደረሰ፤ ቃሉ ሲነሳ ፍርሃቱም ተነሳ። ጨዋው ሲያቆይላት፣ ሌላው ወደ ቦዩ ተመለሰ። ሐዋ ግን ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ከሱቅ ሱቅ ዞረች። መጀመሪያ የሄደችውም ጋሽ ሙሄ ዘንድ ነው። ሱቄ በር ላይ ሆኜ ሰማኋቸው።

"ጋሽ ሙሄ፣ እንደምን አደሩ። የተቃጠለ አምፖል አለዎት?"

"የለም!" አሉ። ከጀርባቸው አንድ ረጅም አምፖል፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጫፉ ጠቁሮ ቆሟል።

ሐዋ አምፖሉን አየችው። እሳቸውንም አየቻቸው።

"እሺ፣ ነገ እመጣለሁ" አለች።

በማግስቱም መጣች።